ባልሽስ ተመረመረ?

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ይህን ወሬ አዳማ ውስጥ ግማሹን የማያውቅ የለም፤ እኔ የማወራችሁ ያልተሰማውን ግማሽ ነው። ባለቤቶቹ «ስማችንን አታንሣ እንጂ ተርከው» ብለው ፈቅደዋል። ስለዚህ እሱን ሹፌሩ፣ እሷን ሒሳብ ሠራተኛዋ፣ እናቱን ደግሞ እማማ እላለሁ፤ እናንተም «የማን ቤት ነው?» እያላችሁ አታድርቁኝ።

ሹፌሩ የሚነዳው ተሳቢ ነው። ከአዳማ ይነሣል፤ መተሐራን፣ አዋሽን፣ ገዋኔን ያልፋል፤ ሚሌ ላይ ይመገባል፤ ሎጊያ ያድራል፤ በጋላፊ ኬላ ወጥቶ ጅቡቲ ይገባል። መንገዱስ ይቻላል፤ ሰውን የሚበላው የወደቡ ወረፋ ነው። ማዳበሪያ ሲሆን አንድ ወረፋ፣ ስንዴ ሲሆን ሌላ፣ ኮንቴይነር ሲሆን ደግሞ ሌላ። አንዳንዱ ምልልስ በሳምንት ያልቃል፤ አንዳንዱ ወር ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ወንበር፣ ጉንጩ ውስጥ ጫት፣ ጣቱ ላይ ሲጋራ።

እሷ ዱቄት ፋብሪካ ነው የምትሠራው። አምስት ሳንቲም ከጎደለባት ሌሊቱን ስትገላበጥ የምታድር ዓይነት ሴት ናት። ሲጋቡ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ እሱ ሠላሳ አንድ።

የመጀመሪያው ዓመት በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ጎረቤት ሆዷን ሰረቅ እያደረገ ማየት ጀመረ። በሦስተኛው እማማ አንድ ጆንያ ጤፍና አንድ ጆንያ ሽምብራ አስጭነው ከምንጃር መጡ። ክፉ ሴት አይምሰሏችሁ። ከወለዷቸው ሁሉ የተረፈላቸው ይኼ ሹፌር ብቻ ነው፤ ሳያዩ እንዳይሞቱ የፈለጉት የእሱን ልጅ ነው። በዚያ ላይ ምራታቸውን ይወዷታል። መውደዳቸው ግን ምርመራውን ከእሷ ከመጀመር አላገዳቸውም።

መጀመሪያ የምታሽ ሴትዮ መጣች። ምራትየዋን በጀርባዋ አስተኝታ፣ ቅቤ ቀብታ፣ ሆዷን ወደ ላይ ስትገፋ ስታሽ ቆየችና «ማህፀኗ ወርዷል» አለች። ሌላዋ «ብርድ ገብቷት ነው» ብላ ሥር ቀቅላ አጠጣቻት። አንዷ ጎረቤት ደግሞ ሹክ ብላ «ሾተላይ ይሆናል» አለች። እዚህ ላይ አንዴ ላቋርጥ፤ ሾተላይ የሚባለው ፀንሰው ለሚያጡ እናቶች ነው። የእናትየዋ ደም አርኤች ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን የእናት ሰውነት የሚቀጥለውን ፅንስ ደም እንደ ጠላት መዋጋት ይጀምራል፤ ለዚህም ከወለዱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ አንቲ ዲ የሚባል መርፌ አለ። የእኛይቱ ግን አንድም ጊዜ አልፀነሰችም። ወሬው እንዲሁ ባዶ ቦታ ሞላ።

ከዚያ ቁልቢ። ታኅሣሥ 19 ከእማማ ጋር ወርደው፣ ሌሊቱን እዚያው አድረው፣ ጃንጥላ ተሳለች። አጠገቧ ቆማ የነበረች የጅማ ሴት መንታ ልጆቿን ክርስትና ልታስነሣ ስለቷን ይዛ መጥታለች፤ «እኔም እዚችው ነው የተሳልኩት» አለቻት። ሒሳብ ሠራተኛዋ ያን ዕለት አንዱን ሕፃን ተቀብላ እስኪነጋ ታቅፋው ነበር፤ «እጄ ደነዘዘ፣ ግን ልመልስላት አልፈለግኩም» ብላኛለች።

ሹፌሩስ? ሹፌሩ ጅቡቲ ነበር።

ስለ ሹፌሩ በሰፈር የሚወራ ነገር ነበር፤ ሎጊያ ልጅ አለው ይባላል። ማን እንዳየ፣ ማን እንዳወራ አይታወቅም፤ «ሹፌር አይደል እንዴ፣ በየከተማው መውለዱ ይቀራል?» የሚል ነው ማስረጃው። ሚስቱ ሰማች፣ አለቀሰች፣ ጠየቀችው። እሱም «የሰው አፍ ነው» አለና ዝም አለ። እውነቱን በኋላ ነው የተናዘዘላት፤ ልጅ የለውም፣ ኖሮትም አያውቅም። ታዲያ ወሬውን ለምን አላስተባበለም? እኔም ጠይቄዋለሁ። «ወንድሜ፣ ሰው ‹አመንዝራ› ቢለኝ ይሻለኛል፤ ሌላውን ከሚለኝ» አለኝ። እንግዲህ ፍረዱ። የሱ ክብር በዚያ ወሬ ሲጠገን የሷ ማህፀን በዚያው ወሬ ተፈረደበት፤ «እሱማ ወልዷል፣ እሷ ናት» ተባለ፤ አለቀ።

በአራተኛው ዓመት አንድ የግል ክሊኒክ ገባች፤ ብቻዋን። አልትራሳውንድ ታየች፤ ማህፀኗ ውስጥ እጢ የለም። የታይሮይድ፣ የፕሮላክቲን ደም ሰጠች፤ ደህና ነው። የወር አበባዋ በየሃያ ስምንት፣ በየሃያ ዘጠኝ ቀኑ ሳያዛንፍ ይመጣል። እንዲህም ሆኖ «እንቁላል የሚያበስል» ተብሎ ክሎሚፊን ታዘዘላት። ሲያልቅ ሌላ፣ እሱም ሲያልቅ ሌላ። መድኃኒቱ ይበልጡን እንቁላላቸው በጊዜው ለማይወጣ ሴቶች ነው፤ ለምሳሌ የወር አበባቸው በሁለትና በሦስት ወር አንዴ ለሚመጣ፣ ፒሲኦኤስ የሚባለው የሆርሞን መዛባት ላለባቸው። የእሷ እንቁላል በጊዜው እየወጣ ነበር። ጭንቅላቷን እያዞራት፣ ፊቷን እያቃጠላት ወራት ሄዱ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያ ክሊኒክ «ባለቤትሽ የታለ?» አላላትም።

ያንን የጠየቀው ማን ይመስላችኋል? የንስሐ አባቷ!

ዐቢይ ጾም ነበር። ልትናዘዝ ሄዳ ማልቀስ ብቻ ሆነባት። አባ ዝም ብለው ሲሰሟት ቆዩና፣ ስለ ጠበሉም ስለ ስለቱም ሳያነሡ፣ «ልጄ፣ ባልሽስ ተመረመረ?» አሏት። ደነገጠች። «አባ፣ እሱ እኮ...» ብላ የሎጊያውን ወሬ ልታወራ ስትል እጃቸውን አወዛወዙ። «እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ማሳው አላበቀለም ሲባል አባቴ አስቀድሞ ዘሩን ነበር በመዳፉ ዘርግቶ የሚያየው።»

የገበሬው ልጅ ያሉት ነገር በሳይንስም ያረጀ ነው። የወንድ ዘር በማይክሮስኮፕ የታየው በ1677 እ.ኤ.አ. ነው፤ አይቶ የመዘገበው ደግሞ ሐኪም ሳይሆን ሊወንሁክ የሚባል የዴልፍት ጨርቅ ነጋዴ፤ ያየውም የራሱን ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆነው እንግዲህ! በጣም ርካሹ፣ በጣም ፈጣኑ፣ መርፌም ራጅም የሌለበት ምርመራ የወንድ ዘር ምርመራ ነው። ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ወንዱ ወይ ብቻውን ወይ ከሚስቱ ጋር ድርሻ አለው። እኛ አገር ግን ሴቲቱ ታሽታ፣ ተቀቅሎላት፣ ተጠምቃ፣ ተቀድዳ፣ አንዳንዴም ተፈትታ ካበቃች በኋላ ነው ወንዱ የሚታወሰው።

ሹፌሩ በሚያዝያ መጣ። ማታ፣ ራት ከቀረበ በኋላ ነገረችው። እጁን ከትሪው አነሣ። «እኔ?» አለ። ከዚያ ተነሥቶ ወጣ። ሁለት ቀን ሆድና ጀርባ ሆነው ከረሙ። በሦስተኛው ቀን የጉዞ ወረቀቱን ስታጥፍለት «ብቻሽን አትሂጂ፤ ስመለስ አብረን እንሄዳለን» አላትና ሄደ። ምን ልቡን እንዳራራው እሱም አያውቅም።

ሲመለስ አብረው ሄዱ። ሁለተኛው ሐኪም አስቀድሞ ሁለት ወንበር ነው ያቀረበው። ሁለቱንም ጠየቀ። እሷን፦ የወር አበባሽ መቼ መቼ ነው? ሕመም አለው? ሆድሽ ተቀዶ ያውቃል? እሱን፦ ሲጋራ? ጫት? ጂም ሄደህ መርፌ ትወጋለህ? ሹፌሩ በመጨረሻው ሣቀ። ሐኪሙ አልሣቀም፤ ጡንቻ ለማሳበጥ ቴስቶስትሮን የሚወጉ ወጣቶች ሰውነታቸው «ሆርሞኑ ከውጭ መጥቶልኛል» ብሎ ዘር ማምረቱን እንደሚያቆም፣ እንዲህ ሆነው ስንቶቹ እዚያው ወንበር ላይ እንደሚቀመጡ ነገረው።

ለእሷ የማህፀን ቱቦ ራጅ፣ ለእሱ የዘር ምርመራ ታዘዘ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት።

አሁን የባጃጁን ነገር ላውራችሁ፤ እሱን ሳላወራ ብቀር ሹፌሩ ራሱ ይቆጣኛል፤ ዛሬ የሚሥቅበት ነገር ነውና። ምርመራው ደንብ አለው። ከሁለት ቀን ያላነሰ፣ ከሰባት ቀን ያልበለጠ ከግንኙነት መታቀብ። ናሙናውን በንጹሕ፣ ላብራቶሪው በሚሰጠው ዕቃ መቀበል። ከአንድ ሰዓት ሳያልፍ ማድረስ፣ እስከዚያም ከገላ ሳያርቁ ማሞቅ። ላብራቶሪው ውስጥ እንዲሰጥ አንድ ጠባብ መጸዳጃ አሳይተውት ነበር፤ ገብቶ ቆመ፤ ውጭ ሰው ያስላል፤ በር ይንኳኳል፤ ላብ በላብ ሆኖ ባዶ ዕቃውን ይዞ ወጣ። «ቤትህ ቅርብ ከሆነ ከዚያ አምጣው» አሉት።

በማግስቱ ጠዋት ክዳኑን አጥብቆ፣ ዕቃዋን ከሸሚዙ ሥር ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ ጃኬቱን ደርቦ ባጃጅ ውስጥ ገባ። በዚያ በአዳማ ፀሐይ ጃኬት! ሁለት መቶ ሜትር ሳይሄዱ አንድ የድሮ ረዳቱ መንገድ ላይ አየው። «ኧረ ጋሼ!» ብሎ ባጃጇን አስቁሞ ዘሎ ገባና ሊያቅፈው እጁን ዘረጋ። ሹፌሩ ክንዱን ከጎኑ ጋር አጣብቆ እንደ ሐውልት ደረቀ። «ምነው፣ ክንድህን ምን ነካው?» «ብብቴ ላይ ቁስል ወጥቶብኝ ነው።» «እስቲ ልየው፣ ብጉንጅ ከሆነ...» «ተው! አትንካኝ!» ብሎ ሲጮህ ባለባጃጁ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። ደረሰ እንግዲህ፤ ሰዓቱ ሳይሞላ ደረሰ። ዕቃዋን የተቀበለችው የላብራቶሪ ባለሙያ ስሙን ጽፋ፣ ሰዓቱን ጽፋ፣ ቀና ብላም ሳታየው «ቀጣይ» አለች። «ያን ጊዜ ነው የቀለለኝ» ይላል። ለእሱ የዓለም መጨረሻ የነበረው ነገር ለእሷ የአንድ ተራ ማክሰኞ ሥራ ነበር።

የእሷን ራጅ በአጭሩ ልለፈው፤ እሷም በአጭሩ ነው የነገረችኝ። የወር አበባዋ እንደቆመ በጥቂት ቀን ውስጥ ተጠራች። በማህፀኗ አፍ ቀለም ያስገባሉ፤ ቀለሙ ማህፀኑን ሞልቶ በሁለቱ ቱቦዎች ወጥቶ ሆድ ዕቃ ውስጥ ሲፈስ በራጅ ይታያል። ያመማል፤ የወር አበባ ቁርጠት ጠንከር ሲል እንደሚያመው። አንገቷን አጣምማ ስክሪኑን አየችው። በግራ በኩል ነጭ ክር ወጣ፣ ጫፉ ላይ ተበተነ። በቀኝ በኩል ክሩ ጀመረና ቆመ። ባለሙያው ደጋግሞ ሞከረ፤ አልፈሰሰም።

ውጤታቸውን አብረው ሰሙ። የእሷ ቀኝ ቱቦ ዝግ ነው፤ ግራው ክፍት። ሐኪሙ ሆዷ ላይ ያለውን ጠባሳ አንሥቶ ጠየቃት። በአሥራ አራት ዓመቷ ትርፍ አንጀት ነበር፤ «ሆድ ቁርጠት ነው» እየተባለ ሦስት ቀን ቤት ቆይታ፣ ፈንድቶ ነው የተቀደደችው። መግሉ በቀኝ በኩል የነበረውን ሁሉ እርስ በርስ አጣብቆት ሊሆን ይችላል። ቱቦን የሚዘጋ ሌላም ብዙ ነገር አለ፤ ክላሚዲያ የሚባለው በግንኙነት የሚተላለፍ ተሕዋስ አብዛኞቹን ሴቶች ምንም ሳያማቸው ውስጥ ውስጡን ይሠራል፤ ጨብጥ አለ፤ ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ የሚመጣ ኢንፌክሽን አለ፤ የሳንባ ብቻ የሚመስለን ቲቢም ማህፀንና ቱቦ ውስጥ ይገባል። ሐኪሙ ለእነዚህ ሁሉ ሁለቱንም መርምሯል፤ የተገኘ ነገር የለም።

የእሱ ወረቀት ላይ በአንድ ሚሊ ሊትር ሰባት ሚሊዮን ይላል። ሹፌሩ «ሰባት ሚሊዮን!» ብሎ ፊቱ በራ። ሐኪሙ ቀስ ብሎ አስረዳው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው ማነጻጸሪያ በሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ነው። የሚንቀሳቀሱት ቢያንስ ከመቶ 42 መሆን ሲገባቸው የእሱ ሩብ ብቻ ናቸው። አንድ ናሙና አይበቃምና ከሳምንታት በኋላ ተደገመ፤ ያው ሆነ። ዜሮ አይደለም፤ ልብ በሉ። በሰባት ሚሊዮን የወለደ አለ። ግን ያነሰ ነው።

ሐኪሙ ሲመረምረው አንድ ነገር አስተዋለ፤ የግራው ፍሬ ከቀኙ በግልጽ ያንሳል። «ልጅ ሆነህ፣ ከጎረመስክ በኋላ፣ ጆሮ ደግፍ ይዞህ ያውቃል?»

«አላስታውስም።»

«እናትህን ጠይቅ።»

ሹፌሩ ይህን እናቱን ከሚጠይቅ ጋላፊን በሌሊት ያለ መብራት ቢያቋርጥ ይመርጣል። ስለዚህ የጠየቀችው ምራቲቱ ናት። እማማ ያኔ አዳማ ነበሩ፤ ደግሞም የመጡበት ጉዳይ ለብቻው ነበር። ምንጃር ውስጥ አንዲት ልጅ አይተዋል፤ ለልጃቸው። ገና አልተነፈሱም፤ ግን ቤቱ ውስጥ ሁሉም ያውቃል። ምራቲቱ ቡናውን ቀድታ፣ ሲኒውን አቀብላ፣ ዓይኗን ሳታነሣ ጠየቀች።

«እማማ፣ እሱ ልጅ ሆኖ ጆሮ ደግፍ ይዞት ያውቃል እንዴ?»

እማማ ሲኒውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ሣቁ። «ኧረ ተይኝ! በአሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ያውም በአጨዳ። እዚህና እዚህ አብጦ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ነበር። እሱስ ተሻለው፤ በሳምንቱ ታች ወረደበታ! ሱሪ ማጥለቅ አቅቶት ነጠላ አገልድሞ ከአልጋ አልወረደም። ፌጦ ቀባሁት፣ በጨው ውሃ አጠብኩት። ‹ለሰው ብትነግሪ ከቤት እጠፋለሁ› ብሎ አስምሎኝ ይኸው እስከ ዛሬ...»

ቆሙ። ሲኒው አየር ላይ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጆሮ ደግፍ ሕፃን ልጅ ላይ ብዙ ጣጣ የለውም። ከአቅመ አዳም በኋላ ሲይዝ ግን ከመቶ እስከ 30 በሚሆኑት ወንዶች ላይ ወደ ዘር ፍሬ ይወርዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን። ፍሬው አብጦ ሲሽር አንዳንዱ ይኮማተራል። ሙሉ በሙሉ መውለድ የሚከለክለው እምብዛም ነው፤ የዘሩን ቁጥር ግን ያሳንሳል። ሲጋራውና የሞተር ሙቀቱ በዚያ ላይ ሲታከል አስቡት፤ የዘር ፍሬ ከሰውነት ወጣ ብሎ የተሠራው ከገላው ሁለት ሦስት ዲግሪ ቀዝቀዝ ብሎ ስለሚሠራ ነው።

«ታዲያ... እሱ ነው?» አሉ እማማ፤ ድምፃቸው ተሰብሮ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ በዚህ ሰዓት ልትበቀል ትችል ነበር። እኔ ብሆን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቢያንስ ስለምንጃሯ ልጅ አንድ ነገር ጣል አደርግ ነበር። እሷ ግን «እማማ፣ እሱም ነው፣ እኔም ነኝ» አለችና የራጁን ፊልም አምጥታ በመስኮቱ ብርሃን አሳየቻቸው። የግራው ክር፣ የቀኙ ጉቶ። እማማ ፊልሙን ገልብጠው አዩት፣ አዙረው አዩት፤ ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። የምንጃሯ ልጅ ነገር ከዚያ ቀን በኋላ አልተነሣም።

ገና አላበቃም። ሦስተኛ ነገር ነበር፤ እሱን ሐኪሙም አላገኘው፣ ያገኘችው ራሷ ናት። ሐኪሙ እንዲህ ብሏት ነበር፤ ከወር እስከ ወር ሴት ልትፀንስ የምትችልባቸው ቀናት ስድስት ያህል ብቻ ናቸው፤ እንቁላል የሚወጣበት ቀንና ከሱ በፊት ያሉት አምስቱ። የወንድ ዘር ሴቷ ውስጥ እስከ አምስት ቀን ይቆያል፤ እንቁላሏ ግን ከወጣች አንድ ቀን ቢሆን ነው። እንቁላሉ የሚወጣው ደግሞ የሚቀጥለው የወር አበባ ሊመጣ አሥራ አራት ቀን ገደማ ሲቀረው ነው። ቤት ገብታ ደብተር አወጣች። በአንድ ዓምድ የራሷን ቀናት ጻፈች፤ ከጋብቻ ጀምሮ መዝግባለች፣ መቼም እሷ ናት። በሌላው ዓምድ የእሱን ጉዞ፤ የነዳጅ ደረሰኝ፣ የኬላ ወረቀት፣ የአበል ፊርማ፤ ሁሉንም በፌስታል አኑራዋለች። ሌሊቱን ሙሉ አመሳከረች። አምስት ዓመት ሞከርን ሲሉ የኖሩት ሲደመር፣ እሱ በእነዚያ ቀናት ቤት የተገኘበት ወር ከአንድ ዓመት ብዙም አይዘልም። የቀረውን ጊዜ ወይ ሚሌ ነው፣ ወይ ወደብ ወረፋ ላይ።

«ጎማዬ ሦስት ቦታ እያፈሰሰ ነበር» አለ ሹፌሩ ደብተሩን ሲያይ። «አንድ ቀዳዳ ብቻ ቢሆን እየነፋሁ እሄድ ነበር።»

እኔ ይህን ታሪክ የወደድኩት ለዚህ ነው። እኛ አንድ ጥፋተኛ ነው የምንፈልገው፤ ያውም ቀሚስ የለበሰ። እዚህ ቤት ግን አንዱም ምክንያት ብቻውን ልጅ አይከለክልም ነበር። በአንድ ቱቦ የሚፀንሱ ሞልተዋል። የዘሩ ቁጥር ያነሰ ባል ሚስቱ ሙሉ ጤነኛ ስትሆን ይወልዳል። ርቆ የሚሠራም ይወልዳል። ሦስቱ ሲገጣጠሙ ነው ቤቱ ጸጥ ያለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ መሠረት ከስድስት አዋቂዎች አንዱን በዕድሜው አንድ ወቅት ልጅ የማጣት ችግር ያገኘዋል፤ እንግዲህ በየዕድራችን ስንት ሰው ዝም ብሎ እንደተቀመጠ ቁጠሩ። ሐኪሞች አንድ ዓመት ሞክሮ ያልሆነለት ጥንድ ይምጣ ይላሉ፤ ሴቷ 35 ካለፈች ስድስት ወር። ሴት እንቁላሎቿን ይዛ ነው የምትወለደው፤ አዲስ አይጨመርም፣ ያለውም በቁጥርም በጥራትም ይቀንሳል። የእኛይቱ ሠላሳ ሦስት ልትደፍን ነበር፤ በማሸትና በማያስፈልግ ክኒን ያለፉት ዓመታት ለዚህ ነው የሚያንገበግቡኝ።

ሐኪሙ ያላቸው ይህን ነው። ሲጋራው ዛሬ ይቁም። ጫቱ ይቀነስ። በየሁለት ሰዓቱ ከወንበሩ ወርዶ ይራመድ። ዘር ተሠርቶ ለመውጣት ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋልና ለውጡ በሳምንት አይታይም፤ ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል። በእነዚያ ስድስት ቀናት ቤት ይገኝ። ካልሆነ፣ ዘሩ ታጥቦና ተመርጦ በግራው ቱቦ በኩል እንቁላል ባለበት ወር በቀጭን ቱቦ ማህፀን ውስጥ ይጨመራል። እሱም ካልሆነ አይቪኤፍ አለ። ያ ሕክምና የተጀመረው እንዲያውም ቱቦዋ ተዘግቶ ከነበረ አንዲት እንግሊዛዊት ነው፤ ልጇ ሉዊዝ ብራውን ሐምሌ 25 ቀን 1978 እ.ኤ.አ. ኦልድሃም ከተማ ተወለደች፤ ዛሬ እሷም እናት ናት። ዘሩ በጣም ላነሰ ወንድ ደግሞ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዲቷን ዘር በመርፌ እንቁላሉ ውስጥ ማስገባት ተችሏል፤ ብራስልስ ነው የተጀመረው። እኛም አገር ቢሆን ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የመንግሥት ማዕከል ከፍቷል፤ እንደ ድሮው ባንኮክና ዴልሂ መሄድ የግድ አይደለም።

«ወለዱ ወይ?» ልትሉኝ ነው፤ አውቃለሁ። ገና ናቸው። ሦስተኛው ምርመራ አሥራ አንድ ሚሊዮን አሳይቷል፤ ሲጋራውን ከጣለ ወዲህ። የሚቀጥለው ቀጠሮ ለጥቅምት ነው። እስከዚያ ደብተሩን የያዙት እማማ ናቸው፤ ማንበብ ባይችሉም ምራታቸው ቀናቱን በቀይ እስክሪብቶ ታከብባቸዋለች፣ እሳቸው ክቡን ይቆጥራሉ። ባለፈው ሳምንት እኔ እዚያው ቁጭ ባልኩበት የተሳቢው ባለንብረት ደወለ፤ ማዳበሪያ አለ፣ ሹፌሩ ዛሬ ማታ ይነሣ አለ። ስልኩን ያነሡት እማማ ናቸው።

«አይነሣም፣ አሞታል» አሉ።

«ምን ሆነ?»

እማማ ትንሽ አሰቡ። «ጆሮ ደግፍ።»

«እማማ፣ ትልቅ ሰው ጆሮ ደግፍ ይይዘዋል እንዴ?»

«ይይዘዋል እንጂ ምን ያደርገዋል! እስቲ ሐኪም ጠይቅ!» አሉና የስልኩን አፍ በመዳፋቸው ይዘው ወደ ምራታቸው ዞሩ። «ስንት ቀን ነው ያልሽኝ ልጄ፣ አምስት ነው ስድስት?»

«ስድስት።»

«ለስድስት ቀን አይነሣም!» ብለው ጆሮው ላይ ዘጉበት።